ሠላሳ ቁጭ ብድግ

በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለሁ የአባቴ ሱቅ ታፔላ ነበርኩ። ጅቡቲ፣ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ሩዝና ዘይት፣ ፓስታና ተምር በጅምላም በችርቻሮም የምንሸጥበት ሱቅ ነበረን። በሩ ላይ የተሰቀለው የቆርቆሮ ታፔላ ቀለሙ ተላጦ ካለቀ ዓመታት አልፈውት ነበር፤ አባቴ ግን አያሳድሰውም። “ልጄ ደጅ ተቀምጦ የምን ታፔላ ነው” ይላል። ነገሩ እውነትነት አለው። ሰው የሚበላ ነገር ሊገዛ ሲመጣ ሻጩ ከሳ ያለ ከሆነ ሸቀጡን ይጠረጥራል። እኔን ያየ ግን ዋጋ እንኳ በደንብ አይከራከርም ነበር።

ክብደቴን የምናውቀው በሱቁ የጆንያ ሚዛን ነው። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል አባቴ “ውጣ እስቲ” ይለኛል፤ እወጣለሁ፤ ደንበኛ ይሰበሰባል። ኩንታል የሞላሁ ቀን ለጎረቤቱ ሁሉ ሻይ ጋበዘ። ጎረቤታችን ጨርቅ ሻጯ ሴትዮ “ማሻአላህ፣ ማሻአላህ” እያለች ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ልክ ለገዛችው ሰንጋ እንደምታደርገው። እኔ በተፈጥሮዬ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። ችግሩ ቁጣዬን የሚፈራ አልነበረም፤ ወፍራም ሰው ሲቆጣ ሰዉ የሚያየው ጉንጩን ነው።

ከእኔ ጋር በሱቁ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ ነበር፤ የእናቴ ወንድም ልጅ። ድሬዳዋ አንድ ቤት አድገን፣ አንድ ትምህርት ቤት ተምረን፣ አብረን ነው ወደ አባቴ ሱቅ የመጣነው። በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። በውፍረት ግን እኔ ሁለት ጊዜ እበልጠዋለሁ፤ እሱ በሩ ተከፍቶ ሳያልቅ የሚያልፍ ቀጭን ነበር። ወሬው ግን ወፍራም ነው፤ እሱ ያለበት ቤት ውስጥ ሳይስቅ የሚውል ሰው የለም። ዛሬ ድሬዳዋ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ይህንንም ታሪክ ከእኔ አሳምሮ ያወራዋል። የምጽፈው ቢያንስ አንድ ጊዜ እሱ ሳያቋርጠኝ ልጨርሰው ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጋብቻ ነው። የአጎቴ ልጅ ድሬዳዋ የሚወዳት ልጅ ነበረችው፤ እሷም ትወደዋለች። አባቷ ግን አልወደዱትም። “ልጄን ለሱቅ ተላላኪ አልሰጥም። የወር ደመወዝ ያለው ሰው ሲሆን ይምጣ፤ እስከ ዐረፋ እጠብቀዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ጠያቂ አለ” ብለው ቁርጡን ነገሩት። ልክ በዚያው ሰሞን ወደቡ ላይ ክሬን ማንቀሳቀስ ለሚማሩ ወጣቶች ቦታ ተከፈተ ተባለ። ደመወዙ ደህና ነው፣ ሥራው የተከበረ ነው። እሱ ለሚስት፣ እኔ ደግሞ ደጅ ከምቀመጥባት የብረት ወንበር ለመገላገል፣ ሁለታችንም ተመዘገብን።

እናቴ ስለ ክሬን ምንም አታውቅም ነበርና ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሰማይ ጥግ ባለች የመስተዋት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ኮንቴነር ከመርከብ ማውረድ ነው አልኳት።

“ታዲያ እዚያም ተቀምጦ ነው?”

“አዎ፤ ግን ከፍ ብሎ ነው።”

“ከፍ ማለት ነው የፈለግከው? ከወንበርህ ሥር ጣውላ እናስገባልሃለን” አለችኝ። ይህን ስትል ፊቷ ላይ ፈገግታ አልነበረም።

ለሥራው መጀመሪያ የሚጠየቀው የሐኪም ወረቀት ነው። የአጎቴ ልጅ የልጅቷን አባት ሊያለዝብ ድሬዳዋ ሄዶ ስለነበር የመጀመሪያውን ምርመራ ብቻዬን ሄድኩ። ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ጎልማሳ ሶማሌ ነርስና ሽበታም ሐኪም ነበሩ። ሐኪሙ ፈረንሳይኛውን በአፍንጫው ነው የሚናገረው፤ ነርሷ ግማሹን በሶማልኛ፣ ግማሹን በተሰባበረ አማርኛ ትተረጉምልኛለች። መጀመሪያ አስቀምጣ የእጄን አንጓ ይዛ የልቤን ትርታ ቆጠረች። ቀጥሎ ሐኪሙ አንድ ነገር አለ፤ እሷም “ዋራያ፣ ተነስ፤ ሠላሳ ጊዜ ቁጭ ብድግ በል፤ ቶሎ ቶሎ” አለችኝ።

ድሬዳዋ ለተማረ ሰው ቁጭ ብድግ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። አርፍደህ መጥተሃል፣ ወይም በክፍል ውስጥ አውርተሃል፣ ወይም የቤት ሥራ አልሠራህም። ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ታዘዘ። ሁለቱንም ጆሮዎቼን ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ “ምን አጠፋሁ?” አልኩ።

ነርሷ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ግን የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ተደግፋ መሳቅ ጀመረች። ሐኪሙ ምን እንዳልኩ ጠየቃት፤ በሳቅ መሃል ነገረችው፤ እሱም መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። እኔ አሁንም ጆሮዬን እንደያዝኩ ነኝ። በመጨረሻ “ጆሮህን ልቀቀው፣ ማንም አልከሰሰህም” ተባልኩና ቁጭ ብድጉን ጀመርኩ።

ስጨርስ ክፍሉ ውስጥ የነበረው አየር ሁሉ ለእኔ አልበቃኝም። ነርሷ ወዲያው ትርታዬን ቆጠረች፤ አንድ ደቂቃ አሳርፋኝ እንደገና ቆጠረች። ሐኪሙ ቁጥሮቹን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። እሷ እንዲህ ብላ ተረጎመችልኝ፦ “ልብህ ሲሮጥ ችግር የለም፤ የማንም ልብ ይሮጣል። የጤነኛ ልብ ግን ሰውየው ሲቀመጥ አብሮ ይቀመጣል። አንተ ከተቀመጥክ ደቂቃ አልፎሃል፤ ልብህ ግን ገና ቁጭ ብድግ ላይ ነው።” የክሬኑ አሳንሰር ሲበላሽ በመሰላል ነው የሚወጣው፤ በዚህ ልብ አይሆንም። ክብደት ቀንስ፣ ተንቀሳቀስ፣ ጫት ተው፤ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰህ ና። በቃ።

ቤት ስደርስ እናቴ ነገሩን ለራሷ ወሰደችው። ሐኪሙ የሰደበው የእሷን ማድ ቤት መሰላት። “ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚበላው? ሚስት አለችው?” እያለች ስታጣራ ሰነበተች። አባቴ በበኩሉ የታፔላው መክሳት አሳሰበው፤ ሰው ሱቁ ከሠረ እንዳይል ነው የፈራው። የአጎቴ ልጅ ከድሬዳዋ ሲመለስ የልጅቷ አባት አንዲት ቃል እንዳልለወጡ ነገረን፤ ዐረፋ ማለት ዐረፋ ነው። የእኔን ወሬ ሲሰማ ግን የራሱን ረስቶ ወለል ላይ ተንከባለለ። ጆሮዬን የያዝኩባትን እያስመሰለ ለካርቲየ ሰባት በሙሉ አሳየ። ከዚያ ዕንባውን ጠርጎ “ከዛሬ ጀምሮ አሠልጣኝህ እኔ ነኝ። ሁለታችንም በአንድ ቀን እንመረመራለን፤ ሁለታችንም እናልፋለን” አለኝ።

እሱ ስለማለፉ የሚጠራጠር ሰው አልነበረም። የሐኪሙ ወሬ በሰፈሩ ከተሠራጨ ወዲህ ውፍረት የልብ ጠላት መሆኑን ሁሉም ተምሯል፤ ትናንት ማሻአላህ ሲሉኝ የነበሩት ዛሬ ሆዴን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ስለዚህ ቀጭን ሰው ጤነኛ ነው፤ ነገሩ አለቀ። “አንተስ አትለማመድም?” ስለው “ምኔን ልቀንስ?” ይላል። “ቀጭን ሰው ከሮጠማ ጨርሶ ይጠፋል።”

አሠልጣኝነቱ የሚከናወነው ተቀምጦ ነው። የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ይቀመጣል፣ ሞባይሉን አውጥቶ ሰዓት ይይዛል፣ ጉንጩ ጫት ይዟል፣ ያዝዛል። ከትዕዛዞቹ ሁሉ ትልቁ ሞኝነት በቀትር መሮጥ ነበር። ቅቤ በሙቀት ይቀልጣል፤ ስብም ቅቤ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ሩጥ። ጅቡቲ ውስጥ በቀትር ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። እኔም ሆዬ አመንኩት።

አንባቢዬ ጅቡቲን የማያውቅ ከሆነ አንድ ነገር ማወቅ አለበት። በዚያች ከተማ ሰው በጤናው አይሮጥም። የሚሮጠው ጫት ሲመጣ ብቻ ነው። ጫቱ በየቀኑ ከእኛ አገር ይመጣል፤ እኩለ ቀን ሲያልፍ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ወንዱ በየደጁ ጆሮውን አቁሞ የመኪናዋን ጥሩምባ ይጠብቃል። መጀመሪያ በሮጥኩበት ቀን የአላህ ሥራ ሆነና ጫቱ ዘግይቶ ነበር። ሰዓቱ አልፏል፤ ሰዉ ፊቱን አጨማዶ በር በሩ ላይ ቆሟል፤ ባል ከሚስቱ፣ ወንድም ከወንድሙ አይነጋገርም። እኔ በዚያ መሃል አዲስ የስፖርት ጫማ አድርጌ፣ አንድ ኩንታል ሥጋዬን ተሸክሜ ብቅ አልኩና መሮጥ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ሰው በሶማልኛ “የት ነው?” አለኝ። ለመመለስ ትንፋሽ አልነበረኝም፤ መንገዴን እንዲለቅልኝ በእጄ ወደ ፊት አመለከትኩ። እሱም ሽርጡን ሰብስቦ ተከተለኝ። ሁለተኛው እሱን አይቶ ተከተለ። ዞር ብዬ ሳይ መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ ወጣቱ፣ ሽማግሌው፣ አንድ ጉንጩ ላይ ገና ያልደረቀ የፀጉር ቤት ሳሙና ያለበት ሰው ሳይቀር። ያ ሁሉ ሕዝብ ከኋላዬ ሲመጣ እኔም ፈራሁና ፍጥነት ጨመርኩ፤ እነሱም ፍጥነቴን ሲያዩ ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም።

ካርቲየ አራት አካባቢ ስደርስ መቀጠል አቅቶኝ ቆምኩ። ከበቡኝ። “የታል?” አሉኝ። ትንፋሼን ለቃቅሜ “ስፖርት ነው” አልኳቸው። አንድ አዛውንት ቀረብ ብለው ምክር በሚመስል ድምፅ “ልጄ፣ ሰው በዚህ ሰዓት ስፖርት አይሠራም። ይሄ በሰው ኑሮ መቀለድ ነው” አሉኝ። አንዱ ደግሞ እጅጌውን መጠቅለል ጀምሮ ነበር። ያዳነኝ የመኪናዋ ጥሩምባ ነው፤ እኛ ተነስተን በመጣንበት በካርቲየ ሰባት በኩል ተነፋ። ሰዉ ሁሉ እኔን ትቶ ወደ ኋላ ነጎደ።

ስመለስ አሠልጣኜን የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አገኘሁት። ሰዓት ይዞ ሊከተለኝ ተነስቶ ነበር፤ አሁን ግን ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ላቡ በጉንጩ እየወረደ፣ አንዲት ሴትዮ ውኃ ታጠጣዋለች። “ምን ሆነህ ነው?” አልኩት። “በሳቅ ነው፤ ገደልከኝ” አለ። እንዲያ ሲስቅ ማየት የለመድኩት ነገር ስለሆነ ከውኃው የቀረውን ተቀብዬ ጠጣሁት።

ከዚያ ወዲህ የቅቤው ትምህርት ተሰረዘና ጎሕ ሲቀድ በባሕሩ ዳር መሮጥ ጀመርኩ። ማታ ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ በሩዝ ጆንያዎች መሃል ቁጭ ብድግ እሠራለሁ። ትርታዬን የሚቆጥረው አባቴ ነበር። የእጅ ሰዓቱን ያወልቃል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ አንጓዬን ይይዛል፤ ፊቱ ላይ ያለው ጥንቃቄ ወርቅ የሚመዝን ሰው ያስመስለዋል። ግን ነጋዴ ነጋዴ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለደንበኛ ምራቂ ሲጨምር የኖረ ሰው ለልጁ ሊጨክን አልቻለም፤ ከቁጥሩ ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ይቀንስልኛል። “ይህቺ እንኳ ለምራቂ ትሁንልህ” ይላል። “አባዬ፣ ሐኪሙ ምራቂ አያውቅም” ብለው “እሱ ንግድ ስላልተማረ ነው” ይለኛል።

እናቴ በበኩሏ ጦርነት ከፍታ ነበር። ሩዙን በውኃ ብቻ ቀቀልኩልህ ትላለች፤ ሳህኑ ሥር ግን ቅቤው ያበራል። የሩጫ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ተምር አገኛለሁ። ስቆጣ “ወፎች ይሆናሉ የከተቱት” ትላለች። እየከሳሁ ስመጣ ደግሞ ሌላ መዘዝ መጣ፤ ሰፈሩ ታመመ አለኝ። ጨርቅ ሻጯ ማርና ቁርኣን የተቀራበት ውኃ ይዛ መጣች። አንዳንድ ደንበኛ መልሱን ከእጄ ሲቀበል በጣቱ ጫፍ ሆነ። እናቴ አንድ ምሳ ላይ ሆድ ባሳትና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“ወፍራም እስኪከሳ ቀጭን ይሞታል ይባላል። ምን ነበረበት የነበረው ሥጋ ቢቀመጥልኝ፤ ለክፉ ቀን ነው እኮ ያከማቸሁት።”

የአጎቴ ልጅ ከማንም በላይ ሳቀ። “እንግዲህ አክስቴ፣ እሱ እስኪከሳ እኔ ቀድሜ ልሂድልሽ?”

“አታሟርት” አለችው፤ ሥጋውንም ከእኔ ሳህን አንስታ ለእሱ ጨመረችለት።

እኔ ግን በእሱ ላይ መናደድ ጀምሬ ነበር። ጆንያ ሲራገፍ አንዱን እንኳ እስከ ውስጥ አያደርስም፤ መሃል ላይ አስቀምጦ ወሬ ይጀምራል። ከሱቁ በላይ ወዳለችው መኝታ ክፍላችን ስንወጣ ደረጃው እኩሌታ ላይ ይቆምና ሞባይሉን ያወጣል፤ ሁልጊዜ እዚያ ቦታ ላይ መልእክት ይመጣለታል። ሲተኛም ሁለት ትራስ ደራርቦ፣ ጋደም እንኳ ሳይል፣ እንደ ሱልጣን ተደግፎ ነው። “አንተን የመሰለ ሰነፍ ድሬዳዋ አላፈራችም” እለዋለሁ። “ስንፍና ሳይሆን ክብር ነው” ይለኛል። አንድ ማታ አባቴ የእኔን ከቆጠረ በኋላ ለማነጻጸር ብሎ የእሱንም እጅ ሊይዝ ሲል ቶሎ ሰበሰበው። “የእኔን ተወው ጋሼ፤ የቀጭን ልብ ለቆዳው ቅርብ ስለሆነ ሳይቆጠር ይሰማል” አለና ሁላችንንም አሳቀን። አባቴም መነጽሩን አውልቆ ወደ ቤት ገባ።

የምርመራው ቀን ዐረፋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር። የአጎቴ ልጅ ነጭ ሸሚዙን አስተኩሶ ለበሰ፤ ከክሊኒኩ ቀጥታ በርካሽ ወደ ውጭ አገር ወደሚያስደውሉበት ቤት ሄዶ ድሬዳዋ ሊደውል፣ ለልጅቷ አባት “ወረቀቱ ተገኘ” ሊል ነው። መንገዱን ሁሉ ሲያጽናና የነበረው እኔን ነው። “አትፍራ፤ ብትወድቅም እኔ ላይ ሆኜ በክሬን አነሳሃለሁ” ይለኛል። ሰፈሩም እንደዚያው ነበር፤ ስንወጣ እኔን መረቁኝ፣ እሱን ግን “ልጁን ደግፈው” አሉት።

ነርሷ ገና ስታየኝ “ዋራያ፣ ጆሮ ያዡ መጣህ?” አለችኝ። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። እጆቼን ወደ ፊት ዘርግቼ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ቁጭ ብድጌን ሠራሁ። ቆጠረች፤ አሳረፈችኝ፤ ቆጠረች። ሐኪሙ ቁጥሩን አየና ቅንድቡን አነሳ። ልቤ ልብ ገዝቶ ነበር፤ ሳርፍ አርፏል። ሐኪሙ ወረቀቱን ሲፈርም እጄን ጨበጠኝ፤ እኔም በደስታ ነርሷን ላቅፋት ምንም አልቀረኝም።

የአጎቴ ልጅ ተራው ሲደርስ ሆን ብሎ ሁለቱን ጆሮዎቹን ያዘ። “ምን አጠፋሁ?” አለ፤ ነርሷ እንደገና ሳቀች። ጀመረ። መጀመሪያ ፈጠን ብሎ ነበር። እኩሌታው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ወረደ፤ ከዚያ ጆሮዎቹን ለቀቀ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ያዘ። ነርሷ “በቃ፣ ተቀመጥ” ብላ አንጓውን ያዘች። እኔ ለመቀለድ አፌን ከፍቼ ነበር። ደቂቃው አለፈ፤ እጁን አልለቀቀችም። ሌላ ደቂቃ አለፈ። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ፤ ሳትለቀው በሌላ እጇ ሐኪሙን ጠራችው።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። በግራ ጎኑ አስተኝቶት እንደገና አዳመጠ። በልጅነትህ ጉሮሮህን ታመህ፣ ቀጥሎም ጉልበትህ አብጦ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀው። ያውቃል። እኔም አስታውሰዋለሁ፤ ሦስተኛ ክፍል ሳለን ሁለቱም ጉልበቶቹ አብጠው ብዙ ሳምንት ቤት ተኝቶ ነበር፤ እኔ ከትምህርት ቤት በመቅረቱ ቀንቼበት ነበር። ነርሷ ቃላት እየቆጠበች ትተረጉም ጀመር፤ ያ የጉሮሮ በሽታ ልቡን ነክቶት ሄዷል፣ ልብ ውስጥ ካሉት በሮች አንዱ ጠቧል፣ ደሙ በዚያ ጠባብ በር ሲጋፋ ነው የሚኖረው። ክሬን አይሆንም፤ ጆንያ አይሆንም፤ ጫትማ ጨርሶ አይሆንም። አዲስ አበባ ሄዶ መታከም አለበት።

የአጎቴ ልጅ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ሸሚዙን እየቆለፈ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ። ሲጨርሱለት፣ የሰው ስሕተት በትሕትና እንደሚያርም ሰው፣ ጣቱን ወደ እኔ ዘረጋ።

“ይቅርታ ዶክተር፣ ተሳስተዋል መሰለኝ” አለ። “ወፍራሙ እሱ ነው።”

ነርሷ ይህችን አልተረጎመችም።

ያ በር በኋላ አዲስ አበባ ተከፈተለት። ልጅቷም ለአባቷ “ዐረፋ በየዓመቱ አለ” ብላ እንደጠበቀችው እዚሁ ልናገር፤ አንባቢዬን ማስጨነቅ አልፈልግም። እኛ ግን ያን ቀን ይህን አናውቅም ነበር። ከክሊኒኩ ወጥተን ወደ ካርቲየ ሰባት በእግር ሄድን። ስልክ መደወያው ጋ ስንደርስ ቀና ብሎ ሳያይ አለፈው። ትንሽ ሄደን ቆመና ሞባይሉን አወጣ። አብሬው ቆምኩ። ሞባይሉ ጠፍቶ ነበር፤ እሱም እንዳየሁት አይቷል። ትንፋሹ ሲመለስለት “እንሂድ” አለኝ።

ሱቁ ጋ ስንደርስ ሁሉም ደጅ ወጥቶ ይጠብቀናል። ፊታችንን አይተው ነገሩን ተረዱት፤ ወይም የተረዱት መሰላቸው። እናቴ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። “አይዞህ ልጄ፤ ሥራው ይቅርብህ። ያ ሐኪም ምን ያውቃል” አለችኝ። አባቴ ወንበሬን ከውስጥ አውጥቶ አቧራውን በእጁ ጠረገልኝ። ጨርቅ ሻጯ “አላህ የተሻለውን ይሰጥሃል” አለች። ልናገር ብዬ ወደ አጎቴ ልጅ ዞርኩ፤ ፊቴን ማዞሬ ይበልጥ አረጋገጠላቸው።

“አክስቴ፣ እሱ አልፏል” አለ የአጎቴ ልጅ ከጎኔ።

እናቴ ለቀቀችኝ። “ታዲያ ይሄን ፊት ምን አመጣው?”

“የወደቅኩት እኔ ነኝ። ልቤ የተበላሸ ነው አሉኝ።”

ሁሉም ሳቁ። ጨርቅ ሻጯ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ አባቴ ወንበሩን ተደግፎ ሳቀ። “አንተ ደግሞ፣ የምታረግፈው ሥጋ እንኳ የሌለህ” አለችው እናቴ፤ ዕንባዋ እስኪመጣ እየሳቀች። እሱም አብሮ ፈገግ አለ፤ መሳቃቸው አላስከፋውም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያስለመዳቸው እሱ ነው። እስኪበቃቸው ጠበቃቸው።

ከዚያ የእናቴን እጅ ያዘና ነጭ ሸሚዙ ላይ፣ በግራ በኩል፣ አስቀመጠው። እሷ መጀመሪያ እየሳቀች ነበር። ቀጥሎ የልቡ ሩጫ መዳፏ ላይ ተሰማት። ቀና ብላ አየችው፤ ሌላኛውን እጇን ጨምራ ደገፈችው፤ አባቴም ያን ወንበር አንስቶ ለእሱ አመጣለት።